ተድላ ጊታር ሊገዛ ሲሄድ

የተድላ አሮጌ ጊታር የሞተው እራት ላይ ነው። ማንም አልነካውም። እንደ ልማዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ፣ ክሮቹን ከሆዱ ጋር አጣብቆ የኖረው እንጨት በድንገት ተገነጠለና ጓ! አለ። ሚስቱ ብርቄ የጠቀለለችውን ጉርሻ ወጡ ውስጥ ጣለችና «በስመ አብ! ተኩስ ነው!» ብላ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ተድላ ግን ድምፁን ሲሰማ ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቶታል። ተነሥቶ ሄደ፤ የተንጠለጠሉትን ክሮች በእጁ ይዞም ሰው እንደሞተበት ቆመ።

ብርቄ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«ነፍሱን ይማረው» አለች። «ብዙ ተሠቃይቷል።»

«ማን? ጊታሩ?»

«ጊታሩ ነዋ። አንተማ መች ተሠቃየህ።»

ተድላ ቦንጋ ውስጥ የመሬት ቀያሽ ነው። ዕድሜው ሃምሳን ተሻግሯል፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እሱ የለካውን ድጋሚ የሚለካ የለም። ቤቱ ፎቶግራፍ ሲሰቅል እንኳ ውኃ ልክ ሳያስደግፍ ምስማር አይመታም። እንዲህ ያለ ሰው አንገቱ የተጣመመ ጊታር ይዞ ዓመታት መኖሩ ለሚያውቁት ሁሉ ግራ ነው።

ጊታሩን የገዛው በወጣትነቱ፣ ከጅማ ነበር። ያን ጊዜ ቀጥ ያለ ነበር። ቦንጋ ግን ለቡናና ለእንሰት እንጂ ለጊታር የተፈጠረ አገር አይደለም። ዝናቡ ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ሆዱ ይነፋል፤ ፀሐይ ሲመጣ ደግሞ ይኮማተራል። እንዲህ ሲነፋና ሲኮማተር አንገቱ ቀስ እያለ ጎበጠ፤ ክሮቹ ከእንጨቱ ራቁ፤ በመጨረሻ ወደ ሆዱ የተጠጋውን የአንገቱን ክፍል መጫን ጣት የሚልጥ፣ ተጭኖም ሌላ ድምፅ የሚያወጣ ሆነ። ተድላ ጊታሩን ማሠራት ሲገባው ራሱን አስተካከለ። ቀጭን ድምፅ ወደሚገኝበት ወደዚያ ሰፈር መሄድ ተወ። ዜማው ወደ ላይ ልውጣ ሲል እየጎተተ ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። ከጊዜ በኋላ የሚያወርደው እሱ መሆኑንም ረሳው።

ብርቄ የጨርቃጨርቅ ሱቅ አላት። አንደበቷ እንደ መቀሷ ነው። ተድላ መጫወት ሲጀምር ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ መውጣት እምቢ እንደሚሉ ለደንበኞቿ ሁሉ ነግራለች። ሆኖም የጊታሩ ቦታ ግድግዳው ላይ ባዶውን ሲቀር፣ በሦስተኛው ቀን «አሁንስ ቤቱ በጣም ጸጥ አለ፤ የሆነ ነገር ብታደርግ አይሻልም?» ያለችው ራሷ ናት።

ተድላ የፈለገው ይህን ነበር። መሥሪያ ቤት አብሮት የሚሠራ አሞጽ የሚባል ወጣት አለ፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ጊታር ይጫወታል። ስለ ጥሩ ቦክስ ጊታር ቢጠይቀው፣ «ጋሽ ተድላ፣ ሺሺንዳ ጋሽ ሰብሃት የሚባሉ ሰው አሉ» አለው። «አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው። አሁን ቡናቸውን እየተንከባከቡ ጊታር ይጠግናሉ፣ ይሸጣሉም። ብቻ ሄደው በእጅዎ ይያዙት። ጊታር በስልክ አይገዛም።»

ተድላ ለመሄድ አልቸኮለም። መጀመሪያ በስልኩ ቪዲዮ እያየ ተማረ። ጥቂት ሳምንት እንዲህ ቆይቶ ጥሩ ጊታር በእጁ ሳይነካ የጊታር ሊቅ ሆነ። ምሳ ላይ ሳይቀር ያስተምራል።

«ክዳኑ ሙሉ እንጨት መሆን አለበት፣ ብርቄ። ኮምፔልሳቶ ከሆነ ድምፁ አይበስልም። ሙሉ እንጨት ግን በቆየ ቁጥር እየበሰለ ይሄዳል።»

«ታዲያ ያኛውስ ስንት ዓመት ተጣደ? ሳይበስል ነው እኮ የፈነዳው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሊሄድ ሲነሣ ብርቄ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማ አገኛት። ሺሺንዳ ገበያ ጉዳይ አለኝ አለች። ምን ጉዳይ እንደሆነ አልተናገረችም፤ እሱም አልጠየቀም። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ መንገዱ ጫካውን ሰንጥቆ ሲጠማዘዝ ብርቄ ትእዛዟን ሰጠች።

«ስማኝ። እዚያ ስንደርስ ምንም ነገር አታድንቅ።»

«እኔ መች አደንቃለሁ?»

«በግ ለመግዛት ሄደህ በጉን የሳምከው ማን ነው?»

«ግንባሩን ነው የዳበስኩት።»

«ምንም። አታድንቅ፣ አትሳቅ፣ ‹ወይኔ› አትበል። ፊትህን እንደ ሐዘን ቤት አድርገው። ዋጋውን እኔ እጨርሳለሁ።»

ተድላ እሺ አለ። እሺ ማለትማ ያውቅበታል።

ጋሽ ሰብሃት ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ቡናው መሃል ነው። ረዥም ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ የቀኝ እጃቸውን ጥፍር አሳድገው፣ የግራውን አሳጥረው ቆርጠዋል። አሞጽ ቀድሞ ደውሎላቸው ስለነበር እንግዶቹን በአክብሮት ተቀብለው ወደ ሳሎን አስገቡ። ግድግዳው ላይ ሦስት ጊታር ተሰቅሏል። ተድላ ጤና ይስጥልኝ ሳይል፣

«ወይኔ! እንዴት ያምራሉ!» አለ።

ብርቄ እግሩን ረገጠችው። ጋሽ ሰብሃት ግን ሰምተዋል፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ቢጤ ብቅ ብሎ ጠፋ።

ተድላ ዓይኑን የጣለው ጥቁሩ ላይ ነበር። እንደ አዲስ መኪና ያብረቀርቃል፤ መቃኛዎቹ ወርቅ ይመስላሉ። ከሁሉ በፊት እሱን አስወረደ። ከዚያ ቦርሳውን ከፈተና ውኃ ልኩንና የብረት ማስመሪያውን አወጣ። ማስመሪያውን አንገቱ ላይ አጋድሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። ውኃ ልኩን ሆዱ ላይ አስቀምጦ አረፋዋ መሃል እስክትቆም ትንፋሹን ያዘ።

ጋሽ ሰብሃት እጃቸውን አጣምረው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ምን ሊያቆሙበት ነው፣ አቶ ተድላ? ቤት ነው ወይስ ቆጥ?» አሉ።

«አንገቱን እያየሁ ነው፣ ጋሼ። ቀጥ ያለ ነው።»

«ቀጥ ያለ ነው፣ እውነት ነው። ውስጡንስ?»

ተድላ የስልኩን መብራት አብርቶ በቀዳዳው አጮለቀ። የክዳኑን ጠርዝ ሲያይ የተነባበረውን ስስ ስስ እንጨት ለየ። ቀና ሲል ፊቱ ረዝሟል።

«ኮምፔልሳቶ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ነው። ለሠርግ ቤት፣ ለፎቶ ጥሩ ነው» አሉ ጋሽ ሰብሃት። «ይህንንም ሳልነግርዎት አልሸጥልዎትም ነበር። ቆንጆ ነው፤ ግን የሚናገረው የለውም።»

ብርቄ ባሏን ገላመጠችው። እሱም ቶሎ ብሎ ሁለተኛውን ጠየቀ። ይኼኛው ትልቅ ነው፤ ቀለሙ እንደ ማር፣ ሆዱ ሰፊ። ክዳኑ ሙሉ እንጨት ነው፤ ተድላ ጠርዙን አይቶ አረጋገጠ። አንድ ጊዜ ክሮቹን ከላይ እስከ ታች ጠረጋቸው፤ ድምፁ ደረቱን ነዘረው።

«ወይ—» ሊል ሲል የብርቄ እግር ትዝ አለው። «ወይ ጉድ» ብሎ አስተካከለ፤ ቅር እንዳለው ሰው።

በዚህ ጊዜ ዝናቡ መጣ። የካፋ ዝናብ ማስጠንቀቂያ ብሎ ነገር አያውቅም፤ ቆርቆሮው ላይ አንድ ጊዜ ወረደበት። ተድላ ጊታሩን ቢመታ የሚሰማ ነገር የለም። ጠንክሮ መታ። ጋሽ ሰብሃት አፋቸውን ወደ ጆሮው አስጠግተው ይጮኻሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ጎጆዋ! ጎጆዋ ውስጥ እንሂድ ነው የምለው!»

ከቤቱ ጀርባ የሣር ክዳን ያላት ጎጆ አለች፤ የንብ ቀፎ የሚያስቀምጡባት። ጊታሮቹን በጋቢ ሸፍነው፣ የእንሰት ቅጠል ከላይ ደርበው፣ እየሮጡ ገቡ። ውስጧ ማርና ጢስ ይሸታል። ሣሩ ዝናቡን ይውጠዋል፤ ሲዘንብ የሚሰማው ልክ ሩቅ ቦታ ሰው በሹክሹክታ እንደሚያወራ ሆኖ ነው። ተድላ አንድ አሮጌ ቀፎ ላይ፣ ብርቄ በርጩማ ላይ፣ ጋሽ ሰብሃት ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲህ ያውቁታል የሚሉትን ይጫወቱ» አሉ ጋሽ ሰብሃት። «ጊታር የሚታወቀው በሚያውቁት ዜማ ነው።»

ተድላ የሚያውቀው ዜማ አለ። ብርቄን ሊያገባ ደጅ በሚጠናበት ዘመን ከነግጥሙ ራሱ ያወጣው ነው። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ሲጫወተው ኖሯል። ማር የሚመስለውን ጊታር ታቅፎ ጀመረ። ሲጨርስ ጋሽ ሰብሃትን አየ፤ እሳቸው ጣሪያውን አዩ።

ሦስተኛውን አቀበሉት። ይቺኛዋ ትንሽ ናት፤ ቡናማ፤ ወገቧ የጠበበ፤ ጎኗ ላይ ቀለሟ ተፍቋል። ተድላ ሲይዛት የልጅ ልብስ እንደለበሰ ሰው ክርኑ የሚገባበት አጣ። «ይቺ የሕፃን ናት መሰለኝ» አለ። ያንኑ ዜማ ደገመ።

«እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ሰብሃት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እውነቱን ልንገርዎት? ሁለቱም ጥሩ ጊታር ነው። እርስዎ ሲይዟቸው ግን ሁለቱም እርስዎን ይመስላሉ።»

ብርቄ ሳቋ አመለጣት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። ተድላ ተከፋ። ሲሮጥ ኪሱ የከተተው ውኃ ልክ ጎኑን ይወጋዋል።

«አንቺ ደግሞ ምን ያስቅሻል? ከሁሉ ይልቅ የሰማሽው አንቺ ነሽ። ምኑ ላይ ነው የተበላሸው?»

«ምንም አልተበላሸም።»

«ንገሪኛ!»

«‹ደጅሽን› ላይ» አለች ብርቄ። «‹ደጅሽን› የሚለው ላይ ዜማው መውረድ የለበትም።»

«ምን ማለትሽ ነው? ያወጣሁት እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ። ስታወጣው ግን እንደዚህ አልነበረም። የአባቴ አጥር ሥር ቆመህ ስትዘፍነው ወደ ላይ ነው የወጣኸው። ከዚያ በኋላ ነው፣ አላውቅም፣ በየዓመቱ ዝቅ እያልክ የመጣኸው። ደክሞህ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ጋሽ ሰብሃት ከደጃፉ ተነሥተው ትንሿን ጊታር ከእቅፉ ወሰዱና፣ «እስቲ እህቴ፣ እንዴት ነበር?» አሉ።

«እኔ ዘፋኝ አይደለሁም።»

«ዝናቡ እንደሆነ አይለቀንም። ከእኔና ከእሳቸው ሌላ ሰሚ የለም።»

ብርቄ መጀመሪያ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለራሷ እንደምታንጎራጉር ጀመረች፤

*የቦንጋ ጉም ወርዶ መንገዱን ሸፈነው፣*
*እግሬ ግን ደጅሽን ዳስሶ አገኘው።*

«ደጅሽን» ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተነሥቶ ወጣ። ጋሽ ሰብሃት ጣታቸውን አንገቱ ላይ አንሸራትተው፣ ተድላ ለዓመታት እግሩን ወዳላነሣበት ወደዚያ ሰፈር ሄዱና ያንኑ ድምፅ ጫኑት። ጥርት ብሎ ወጣ። ልክ ከድምፅዋ ጎን፤ አልበለጣት፣ አላነሳት።

ደገሙት። ሁለተኛው ላይ ብርቄ ቀና ብላ ነው የዘፈነችው። ተድላ እንደ ተጋባዥ ቀፎው ላይ ተቀምጦ ሚስቱን ያያል። ከአፏ ቀልድና የጨርቅ ዋጋ ሲወጣ ሰምቷል፤ ልጆች ስታስተኛ ስታንጎራጉርም ሰምቷል። የሱን ዜማ ግን እንዲህ ይዛው እንደኖረች አላወቀም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀናም። ጋሽ ሰብሃት ላይ ይሁን ብርቄ ላይ ለራሱም አልገባው።

«አሁን በትልቁ እንሞክረው» አሉ ጋሽ ሰብሃት። ማር የሚመስለውን አንሥተው ያንኑ ተጫወቱ። ድምፁ ጎጆዋን ሞላ፤ ግሩም ነበር፤ ብርቄ ግን ወዴት እንደገባች ጠፋች። አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የሚሰማው ጊታሩ ነው። በመሃል አቋረጠች።

«ይሄ እኔን አያስወራም» አለች።

«አየሽ፣ ትልቁ ጥሩ ነው፤ ለብቻው መናገር ለሚፈልግ» አሉ ጋሽ ሰብሃት። ከጥቂት ደቂቃ በፊት «እህቴ» ያሏት ሰው አሁን እንደ ቤተሰብ ነው የሚያናግሯት።

ተድላ ትንሿን ጊታር አነሣ። ክርኑን እንደገና አስተካከለና የሚቀመጥበት አገኘለት። ዜማውን ጀመረ፤ «ደጅሽን» ላይ ሲደርስ ጣቱ በልማዱ ወደ ታች ሊሄድ ሲል ያዘው። ወደ ላይ ላከው። መጀመሪያ ስቶ ከጎኑ ወደቀ። ሁለተኛውም ሳተ። ሦስተኛው ላይ ግን ነካው፤ ምንም የሚልጥ ነገር የለም፣ ክሩ ለጣቱ እሺ አለ፤ ያ ድምፅ፣ በወጣትነቱ አጥር ሥር የተወው፣ ጎጆዋ ውስጥ ጥርት ብሎ ቆመ።

«ይሄ ነው!» ብላ ከበርጩማዋ ብድግ አለች ብርቄ። «ተድላ፣ ይሄ ነው! በቃ ይቺን ነው የምንወስደው!»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ያለችውን የሰማችው። ባሏን አየችው። ተድላ ፊቱን የሐዘን ቤት አስመስሎ ቁጭ ብሏል።

«አታድንቂ» አላት።

ጋሽ ሰብሃት ሳቁ። ተድላም ሳቀ። ብርቄ ክብሯን ለማዳን ወዲያው የጊታሯ ጎን ላይ ያለውን የተፋቀ ቀለም በጣቷ እየነካች፣ «ይሄ ግን ምንድን ነው? የተጫረ ነገር ነው እኮ» ብላ ዋጋ ልታወርድ ተነሣች፤ ዓይኗ እርጥብ ስለነበር ግን የሚያምናት ሰው አልተገኘም። ጋሽ ሰብሃት አንድ ዋጋ ተናገሩ፤ ፍትሐዊ ነበር፤ እሷም በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ቶሎ ብላ እሺ ያለችበት ግዢ የለም። እሳቸውም ከላይ የጊታሯን ሣጥንና ትርፍ ክር ጨመሩላት፤ ለጊታሯም ምክር ሰጡ፤ እኔ የሰቀልኳት ለገዢ እንድትታይ ነው፣ እናንተ ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅሏት፣ ሣጥኗ ውስጥ ትተኛ፣ ክረምት ክረምት ደረቅ ጨርቅ አብሯት ይግባ አሉ። «ጨርቅ ሞልቶናል» አለች ብርቄ።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ መኪና ተራ ወረዱ። የሺሺንዳ ገበያ ጉዳይ እንዳለባት ብርቄም አላነሣችም፣ ተድላም አላስታወሳትም። ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር፤ ረዳቱ ጊታሩን አይቶ፣ «ላይ ይሰቀል!» አለ።

«አንተ ላይ ተሰቀልና እሷ በቦታህ ትቀመጥ» አለችው ብርቄ። ሣጥኑን ጭኗ ላይ አጋደመችና እስከ ቦንጋ ድረስ ሳትነቃነቅ ታቀፈችው። ከዋጫ ዕቃ ጭነው የሚመለሱ አንድ እናት አጠገባቸው ነበሩ፤ ምን እንደሆነ ቢጠይቁ ጊታር ነው ተባሉ። እስቲ አሰሙን ብለው ተሳፋሪውን ሁሉ አስነሡ።

ተድላ ሊከፍተው እጁን ሰደደ። ብርቄ እጁን መታችው።

«አሁን ገና ነው የተዋወቁት» አለች ለተሳፋሪው። «ቤት ገብተው ይግባቡ።»

መግባባቱ ጊዜ ወሰደ። የተድላ ጣት የዓመታት ልማዱን በአንድ ቅዳሜ አልተወም። ማምሻውን ጊታሯን ይዞ ሲቀመጥ ብርቄ ጨርቋን እያጣጠፈች ከወዲያኛው ክፍል ትዘፍናለች፤ ልክ ሲሆን ትቀጥላለች፤ «ደጅሽን» ላይ ሲስት ደግሞ ቀጥ ትላለች። ምንም አትናገርም። ተድላ ያ ዝምታ ከድሮው ቀልድ ይልቅ ያስፈራዋል። አሞጽ አንድ ቀን ሊያይ መጥቶ ይህን ሲሰማ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን እንኳ እንዲህ ያለ አለቃ የለንም ብሎ ሄደ።

አንድ ማምሻ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ተድላ ዜማውን ከዳር እስከ ዳር አንድም ሳይስት ተጫወተ። «ደጅሽን» ጥርት ብሎ ወጣ። ከወዲያኛው ክፍል ግን ድምፅ የለም። ጊታሩን እንደታቀፈ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። ብርቄ ያልታጠፈ ጨርቅ በእጇ ይዛ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች።

«አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን አቆምሽ?»

«ግጥሙ ጠፋኝ» አለች።

ተድላ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «ተሳሳትሽ! አንቺ! ተሳሳትሽ!»

«አልተሳሳትኩም። እያዳመጥኩ ነበር።» ጨርቁን ወንበር ላይ ጥላ ወደሱ ዞረች። «በል እንግዲህ፣ ከመጀመሪያው ጀምር። እዚህ ቁጭ ብለህ።»

ተድላ ወንበር ሳበ።